የብድር ዌብ ሰርቪስን በሠንጠረዥ መፈተሽ፦ የሚጠበቀውን ውጤት ማን ይጻፈው?

ጥያቄ፦ «ለአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ሶፍትዌር በሚያቀርብ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። የብድር ክፍያ የሚያሰላና ደንበኛው የሚከፍለውን የሚቀበል ሬስት ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚጠሩት ሰርቪስ) አለን፤ ከጀርባው ደግሞ አንድ የቆየ የሶፕ (በኤክስኤምኤል የሚነጋገር) ሰርቪስ አለ። እስካሁን የምንፈትሸው በፖስትማን (ለኤፒአይ ጥያቄ በእጅ መላኪያ ፕሮግራም) ቁጥሩን በእጅ እየቀያየርን ነው፤ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር የሁለት ሰው ሙሉ ቀን ይወስዳል። ዳታውን ከኤክሴል እያነበበ ራሱ የሚፈትሽ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። በየትኛው መሣሪያ ልጀምር? ዳታውንስ እንዴት ላደራጀው?»

መልስ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሳ፤ የመጀመሪያው መልስ የሚወጣው ከእርሱ ነው።

በዳታ የሚመራ ፍተሻ ላይ ኮዱ አንድ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን ብዙ ረድፍ አለው። ኮዱ አንድ ረድፍ ያነባል፤ ሪኩዌስቱን፣ ማለትም ለሰርቪሱ የሚቀርበውን ጥያቄ፣ ሠርቶ ይልካል፤ የመጣውን መልስ በዚያው ረድፍ ከተጻፈው የሚጠበቅ ውጤት ጋር ያመሳክራል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን የሚሠራ ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጊዜ የሚወስደው፣ ሊወስድም የሚገባው፣ ሠንጠረዡ ነው፤ ከሠንጠረዡም በተለይ የሚጠበቀው ውጤት የሚጻፍበት ዓምድ። ስለዚህ ፋይልና ፎልደር ከማደራጀትዎ በፊት ያንን ዓምድ ማን እንደሚሞላው ይወስኑ። ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ይያዙ።

ብዙ ቡድን የሚሄድበት አቋራጭ አለ። ግብዓቱን ይሞላሉ፣ ሰርቪሱን አንዴ ያስኬዱታል፣ የመለሰውን ቁጥር ገልብጠው «የሚጠበቅ» በሚለው ዓምድ ይለጥፋሉ። በማግስቱ ረድፉ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ይህ ፍተሻ የሚነግርዎ ግን ሰርቪሱ ዛሬም እንደ ትናንቱ መሆኑን ብቻ ነው። ትናንት ተሳስቶ ከነበረ ስሕተቱ ይጠበቅለታል፤ አንድ ቀን ከቡድኑ አንዱ ሲያርመው ደግሞ ቀዩ የሚበራው በአራሚው ላይ ነው። አሮጌ ሰርቪስ በአዲስ ሲተካ የአሮጌውን መልስ መቅዳት ተገቢ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማየት ነውና። ነገር ግን ፋይሉ ይለይ፣ ስሙም «የአሮጌው መልስ» ይሁን እንጂ «ትክክለኛ መልስ» አይባል።

የዚሁ አቋራጭ ሌላ መልክ ደግሞ የሚጠበቀውን ውጤት በፍተሻው ኮድ ውስጥ በዚያው ቀመር ማስላት ነው። ሰርቪሱን የጻፈው ሰው ቀመሩን በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው ፈታሹም በዚያው መንገድ ያሰላዋል፤ ሁለቱም ይስማማሉ፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

በእርስዎው ጉዳይ ላሳይ። አንድ ደንበኛ 12,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ለ12 ወር ተበደረ እንበል። ወርኃዊ ክፍያው ስንት ነው? ወለዱ በቀሪው ዋና ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ከሆነ 1,083.10 ብር። ፍላት ከሆነ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 12,000 ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ 13,800 ለ12 ተካፍሎ 1,150 ብር። ግብዓቱ አንድ ሆኖ ትክክለኛው መልስ ሁለት ነው። ሰርቪሱን ብቻ የሚጠይቅ ፈታሽ ይህን አያየውም። ባዶውን ዓምድ ይዞ ወደ ብድር ክፍሉ ባለሙያ የሄደ ግን ገና ከመቀመጡ «በየትኛው ዘዴ ነው የምታሰሉት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ኤፒአዩ ዘዴውን የሚቀበልበት መስክ እንደሌለው ያን ዕለት ሊያሳይ ይችላል።

ወደ ሳንቲም ስንወርድ ነገሩ ይጠባል። በቀሪው ዘዴ ወር በወር ይከተሉኝ። የመጀመሪያው ወር ወለድ 150.00 ብር ነው፤ ከዋናው የሚቀነሰው 933.10፣ ቀሪው 11,066.90። እንዲህ እያልን አምስተኛው ወር ሲያልቅ ቀሪው 7,216.40 ይሆናል። የስድስተኛው ወር ወለድ ይህ ቀሪ በ0.0125 ሲባዛ ነው፤ ውጤቱ ልክ 90.205 ብር። ግማሽ ሳንቲም ላይ ቆመ። ግማሹ ወደ ላይ ከተጠጋጋ 90.21 ይሆንና የአሥራ ሁለተኛው ወር ክፍያ እንደ ሌሎቹ 1,083.10 ሆኖ ብድሩ ይዘጋል። ግማሹ ወደሚቀርበው ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) አሃዝ ከተጠጋጋ ግን 90.20 ይሆናል፤ የመጨረሻው ክፍያም 1,083.09 ይመጣል። ዴሲማል የሚባለው የፓይተን የቁጥር ዓይነት ምንም ካልነገሩት የሚያጠጋጋው በሁለተኛው መንገድ ነው። የሒሳብ ክፍሉ የሚጠቀምበት የኤክሴል ራውንድ ደግሞ በመጀመሪያው። ፕሮግራመሩም የሒሳብ ሠራተኛዋም በየፊናቸው ያሰቡት ልክ ነው፤ መዝገቡ ግን በ1 ሳንቲም አይገጥምም። አንድ ሳንቲም ቀሪ ያለበት ብድር በሲስተሙ ዘንድ አልተዘጋም፤ ያልተዘጋ ብድር ላይ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ሊቆጠር፣ ደንበኛውም አዲስ ብድር ሊከለከል ይችላል። የትኛው ማጠጋጋት ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የተቋሙ የብድር መመሪያ ነው። መመሪያው ዝም ካለ እንዲናገር ያድርጉ፤ ውሳኔውን ለፕሮግራመሩ አይተዉለት።

ከዚህ ተነስተን የመጀመሪያው ሠንጠረዥዎ ይህን ይመስላል፦

መለያ | ዋና | ወለድ | ወር | ዘዴ | ወርኃዊ | የመጨረሻ | ምንጭ
ግማሽ-ሳንቲም | 12000.00 | 15 | 12 | በቀሪ | 1083.10 | 1083.10 | የብድር ክፍል፣ ወደ ላይ ማጠጋጋት
ፍላት | 12000.00 | 15 | 12 | ፍላት | 1150.00 | 1150.00 | የብድር ክፍል
ወለድ-አልባ | 12000.00 | 0 | 12 | በቀሪ | 1000.00 | 1000.00 | በእጅ የተሰላ
አንድ-ወር | 12000.00 | 15 | 1 | በቀሪ | 12150.00 | 12150.00 | በእጅ የተሰላ
የማይካፈል | 10000.00 | 0 | 3 | በቀሪ | 3333.33 | 3333.34 | በእጅ የተሰላ

አምስት ረድፍ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን የሌላው ድግግሞሽ አይደሉም። ሦስተኛውን ልብ ይበሉት። የተለመደው የእኩል ክፍያ ቀመር ወለዱ ዜሮ ሲሆን ዜሮን ለዜሮ ወደ ማካፈል ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሰርቪሱ 500 (የሰርቨር ስሕተት ኮድ) ቢመልስልዎ አይግረምዎ። ዋናውን ገንዘብ ከ12,000 ወደ 13,000፣ 14,000 እያሉ መቶ ረድፍ ቢጨምሩ ይህን አያገኙትም። ረድፍ የሚጨመረው አዲስ ጥያቄ ሲኖረው ነው። «መለያ» የሚለው ዓምድ የተቀመጠውም ለዚህ ነው፦ ረድፉ ስም ካጡለት ምናልባት አያስፈልግም ማለት ነው። ሌሊት የሮጠው ፍተሻ ጠዋት «ረድፍ 47 ወደቀ» ከሚልዎ «ወለድ-አልባ ወደቀ» ቢልዎ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ ነገሩ ይገባዎታል። «ምንጭ» የሚለውን ዓምድ ኮዱ አያነበውም። ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ማንን እንደሚጠይቅ የሚነግረው ግን እርሱ ነው።

ሰርቪሱ ሊቀበላቸው የሚገቡትንና ውድቅ አድርጎ ሊመልሳቸው የሚገቡትን በአንድ ሠንጠረዥ አይደባልቁ። ከደባለቁ የፍተሻው ኮድ «ስሕተት የሚጠበቅ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» እያለ መንታ መንገድ ያበዛል፤ መንታ ያለበት ኮድ ደግሞ ራሱ ፈታሽ ይፈልጋል። ተቀባይነት ለሚያገኙት አንድ ፋይልና አንድ አጭር ኮድ፣ ለተመላሾቹ ሌላ ፋይልና ሌላ አጭር ኮድ ይኑርዎት። ደንቡ ከ1,000 እስከ 50,000 ብር ይፈቅዳል እንበል። 1000.00 እና 50000.00 ተቀባይነት ከሚያገኙት ጋር ይገባሉ፤ 999.99 እና 50000.01 በተመላሾቹ። ከእነርሱ ጋር ዜሮ፣ ከዜሮ በታች፣ ሦስት ዴሲማል ያለው 12000.005፣ በፊደል የተጻፈ ገንዘብ፣ ዜሮ ወር፣ ሁለት ወር ተኩል።

እዚህ ላይ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) የማይችለው አንድ ነገር አለ። «ዋና ገንዘብ» የሚለው መስክ በጄሰኑ (ሪኩዌስቱ ዳታውን በሚይዝበት የጽሑፍ ቅርጽ) ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ፣ ኖሮ ነል («ዋጋ የለውም» የሚል ምልክት) መሆኑ እና ኖሮ ባዶ ጽሑፍ መሆኑ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሰርቪሶችም ብዙ ጊዜ አንዱን በትክክል መልሰው በሌላው ይወድቃሉ። በሲኤስቪ ግን ሦስቱም አንድ ባዶ ሕዋስ ናቸው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ተመላሾቹን በጄሰን ፋይል መጻፍ፣ ወይ ለኮዱ ብቻ የሚገቡ ቃላት መስማማት፦ ሕዋሱ ውስጥ «[የለም]» ካለ መስኩን አውጣው፣ «[ነል]» ካለ ነል አድርገው፣ «[ባዶ]» ካለ ባዶ ጽሑፍ ላክ። ሠንጠረዡን የሚሞላው ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

ረድፉ ከምን ጋር ይመሳከር? የኤችቲቲፒ ኮዱን ብቻ ማየት አይበቃም። ስሕተትን በ200፣ ማለትም «ተሳክቷል» በሚለው ኮድ፣ ሸፍነው በውስጡ የራሳቸውን የስሕተት ኮድ የሚልኩ ሰርቪሶች በገንዘቡ ዓለም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በተመላሾቹ ሠንጠረዥ የኤችቲቲፒ ኮድና የሰርቪሱ የስሕተት ኮድ ለየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። የስሕተቱን ዓረፍተ ነገር ግን ቃል በቃል አያመሳክሩ፤ አንድ ሰው ፊደል ባረመ ቁጥር ፍተሻው ይወድቃል። የደንበኛውን ክፍያ በሚቀበለው ኤፒአይ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፦ ሪኩዌስቱ ከሄደ በኋላ የብድሩን ቀሪ እንደገና መጠየቅ። ውድቅ የሆነ ክፍያ ቀሪውን በአንድ ሳንቲም እንኳ አለመንካቱን፣ ተቀባይነት ያገኘውም በልኩ መቀነሱን የሚያሳየው ይህ ብቻ ነው። «ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ መልሶ በዳታቤዙ ግማሽ የመዘገበ ሰርቪስ የሚያዘው እዚህ ነው።

ክፍያ የሚያሰላው ጥሪ ምንም ነገር ስለማይለውጥ ደጋግመው ቢጠሩት ችግር የለውም። ክፍያ የሚቀበለው ግን ዓለሙን ይለውጣል፤ በዳታ የሚመራ ፍተሻ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ረድፍ ሦስት ረድፍ ሁለት የተወውን ቀሪ የሚጠብቅ ከሆነ ሁለተኛው ሲወድቅ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ይወድቃል፤ እውነተኛውን ስሕተት ከተከታዮቹ ለመለየት ግማሽ ቀን ይሄዳል። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ደንበኛ ይፍጠር፣ የራሱን ብድር ይክፈት፣ በራሱ ላይ ይሞክር። የክፍያ መለያ ቁጥሩም በየሩጫው አዲስ ይሁን። መጨረሻ ላይ ዳታ ማጽዳትን መተማመኛ አያድርጉት፤ ፍተሻው መሐል ላይ ከተቋረጠ ጽዳቱ አይደርስም፣ የነገው ሩጫም በዛሬው ቆሻሻ ላይ ይጀምራል። ይህን ማክበርዎን ለማወቅ ረድፎቹን አደበላልቀው ያስኪዱ፤ ውጤቱ ከተለወጠ የሚደገፋፉ ረድፎች አሉ።

ሁሉም ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ደንበኛው በስልኩ ከፍሎ መልሱ ከመድረሱ በፊት ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ አፑ ያንኑ ክፍያ በዚያው መለያ ቁጥር ደግሞ ላከ። ሰርቪሱ ሁለቴ መቀበል የለበትም። ይህ የሁለት ጥሪ ታሪክ ነው፤ ለብቻው በግልጽ ኮድ ይጻፍ። ወደ ሠንጠረዥ ለማስገባት «ስንት ጊዜ ይላክ»፣ «በመሐል ይቆይ» የሚሉ ዓምዶች መጨመር ከጀመሩ ሠንጠረዡ ቀስ በቀስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይሆናል፤ የብድር ባለሙያውም ማንበብ ያቆማል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ፍተሻው ራሱ መልስ ሲያጣ ክፍያን በራሱ ደግሞ እንዳይልክ ያድርጉ። «መልስ አልመጣም» እና «የተሳሳተ መልስ መጣ» በሪፖርቱ ላይ ተለይተው ይታዩ፤ የመጀመሪያው ወደ ኔትወርክ፣ ሁለተኛው ወደ ኮድ ነው የሚመራዎት።

አሁን ወደ ኤክሴል። የብድር ባለሙያው በኤክሴል ቢሞላው ደስ ይለኛል፤ ፍተሻው ግን የኤክሴልን ፋይል ባያነብ እመርጣለሁ። ሠንጠረዡ በሲኤስቪ ሆኖ ከኮዱ ጋር በጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ) ይቀመጥ፤ ማን የትኛውን ቁጥር መቼ እንደለወጠ በመስመር ይታያል፣ ለውጡም እንደ ኮድ ይገመገማል። ችግሩ ኤክሴል ሲኤስቪን ሲከፍት ዳታውን ሳይጠይቅ መለወጡ ነው። በዜሮ የሚጀምር የስልክ ቁጥር ዜሮው ይጠፋል። 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ ይጠቀለላል፤ እንደዚያ እንደሚታየው ተመልሶ ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይጠፋሉ። ከ15 አሃዝ በላይ ከሆነማ ኤክሴል ራሱ አይይዘውም፤ ቀሪው በዜሮ ይተካል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 «5/13/2016» ተብሎ ከተጻፈ በአሜሪካ አቀማመጥ የተጫነ ኤክሴል ሜይ 13 አድርጎ ይወስደዋል፤ የካቲት 21 ግን «21/6/2016» ስለሆነ ጽሑፍ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳታ ማለት ነው። ስለዚህ ዓምዶቹን አስቀድመው «ቴክስት» ያድርጓቸው፤ ወይም ሲከፍት የየዓምዱን ዓይነት የሚጠይቀውን ሊብረ ኦፊስ ይጠቀሙ።

የአማርኛ ስሞች ካሉ ደግሞ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው አማራጭ ያስቀምጡ፤ ተራው ሲኤስቪ ፊደላቱን የጥያቄ ምልክት ያደርጋቸዋል። ይህ አማራጭ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ይጨምራል፤ ምልክቱም ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቃል። ፓይተን «መለያ የሚባል ዓምድ የለም» እያለ ዓምዱ ግን በዓይንዎ ፊት ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፋይሉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሚለው ኢንኮዲንግ መክፈት ይፈታዋል። ስም ካነሳን፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ዳታቤዙ የስም ዓምዱን በ30 ባይት ከገደበው በላቲን 30 ፊደል ይዞ በአማርኛ 10 ብቻ ይይዛል፤ የአባትና የአያት ስም ሲጨመር በ10 ፊደል የሚያልቅ ስም ጥቂት ነው። አንድ ረድፍ ይስጡት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛም በፍለጋ ይገኝ አይገኝ ሌላ ረድፍ ነው፤ መልሱን ግን አስቀድሞ ተቋሙ ይወስን።

ቀን ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ ይገባዋል። የክፍያ መርሐ ግብሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚወጣ ከሆነ እነዚህ አይቅሩ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋር፤ የካቲት 21 ቀን 2016 ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ጋር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ጋር። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ደግሞ ከተመላሾቹ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ በአራት ዓመት አንዴ ይሳሳታል፤ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት የሚፈትሽ ሰው አያገኘውም። ነሐሴ 30 የተሰጠ ብድር የመጀመሪያ ክፍያው መቼ ነው? ጳጉሜን ለብቻዋ ወር ትቆጠራለች ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች? ይህንንም ከብድር ክፍሉ ሳይሰሙ ሠንጠረዡን አይሙሉ። ሰዓቱን በተመለከተ ሐምሌ 1 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የተከፈለ ክፍያ ረድፍ ይኑረው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ በእርሱ ዘንድ ገና ጁላይ 7 ከምሽቱ 3፡30 ነው፤ ይኸውም ሰኔ 30፣ ያለፈው በጀት ዓመት። የሦስት ሰዓት ልዩነት ክፍያውን ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ይወስደዋል።

ከዚህ በኋላ መሣሪያው ቀላል ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ ፓይተን ከቻለ በፓይቴስት (በፓይተን የፍተሻ መሣሪያ) ይጀምሩ። ፓራሜትራይዝ የሚባለው አሠራር እያንዳንዱን ረድፍ ራሱን የቻለ ቴስት ያደርገዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ይቀጥላሉ፣ የረድፉ መለያም በሪፖርቱ ላይ ስሙ ይሆናል። ገንዘቡን ከፋይሉ እንደ ጽሑፍ አንብበው ወደ ዴሲማል ይቀይሩት፤ ሳንቲሙን በግምት በሚይዘው ፍሎት ውስጥ አያስገቡት። ቡድኑ የጃቫ ከሆነ የጄዩኒት 5 ፓራሜትራይዝድ ቴስት ከሲኤስቪ ፋይል በቀጥታ ያነባል፤ ቋንቋ ለመቀየር ምክንያት የለዎትም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከሌለ ያለዎትን የፖስትማን የሪኩዌስት ስብስብ ኒውማን የሚባለው ፕሮግራም በትእዛዝ መስመር ከሲኤስቪ ወይም ከጄሰን ፋይል ጋር ያስኬደዋል። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ኒውማን ለእያንዳንዱ ረድፍ ስብስቡን በሙሉ ነው የሚያስኬደው። ስለዚህ ለየሠንጠረዡ የራሱ ፎልደር ይኑረው፣ ፎልደሩን ብቻ ያስኪዱ። ፖስትማን አዲስ ኤፒአይ ለማሰስ ዛሬም ከእጄ የማይለይ መሣሪያ ነው፤ ሠንጠረዦቹ ሲበዙ ግን ማመሳከሪያው ኮድ በየሪኩዌስቱ ስር ስለሚበታተን መከታተሉ ይከብዳል።

ግብዓቶቹ ተባዝተው ከአቅም በላይ ቢሆኑብዎ ጥንዶችን መሸፈን ይበቃል። እያንዳንዳቸው አራት አራት ዋጋ ያላቸው አምስት ግብዓቶች ሙሉ ቅንጅታቸው 1,024 ነው፤ ማንኛውም ሁለት ዋጋ ቢያንስ አንዴ አብረው እንዲታዩ ግን 16 ረድፍ ይበቃል። ፒክት የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም እንዲህ ያለውን በነጻ ያወጣል፤ ረድፎቹ ግን ከ16 ጥቂት ሊበልጡ ይችላሉ። የሚያወጣው ግብዓቱን ብቻ ነው፤ የሚጠበቀውን ውጤት አሁንም ሰው ይሙላው። 16 ረድፍ ሰው ያሰላል፣ 1,024 ግን አያሰላም፤ ሲሰለች ከሰርቪሱ መገልበጥ ይጀምራል።

የእውነተኛ ደንበኞችን መዝገብ ወደ ፍተሻ ፋይል አይገልብጡ። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ የፋይዳ ቁጥራቸው በጊት ታሪክ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግም ነው። ከእውነተኛ መዝገብ የሚፈልጉት ቅርጹን ነው፤ ቅርጹን አይተው ስሙን ራስዎ ይፍጠሩ።

የቀረው የቆየው የሶፕ ሰርቪስ ነው። ሶፕዩአይ የሰርቪሱን መግለጫ ፋይል አንብቦ የናሙና ሪኩዌስቶቹን ስለሚያወጣልዎ ለመተዋወቅ እርሱን ይጠቀሙ። ሠንጠረዥ የሚያነበው የዳታሶርስ ደረጃ ግን የሚገኘው በሚከፈልበት ሬዲኤፒአይ ላይ ነው፤ በነጻው ላይ በግሩቪ ስክሪፕት ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል። ፓይቴስት ካለዎት ናሙናውን ኤክስኤምኤል እንደ ቅጽ ወስዶ የረድፉን ዋጋዎች ሞልቶ መላክ ይቀላል። ዋጋዎቹ ግን በኤክስኤምኤል ላይብረሪ በኩል ይግቡ፤ ጽሑፍ ላይ ጽሑፍ ከቀጠሉ በአንድ ድርጅት ስም ውስጥ ያለ የ«እና» ምልክት (&) ሪኩዌስቱን ያበላሸዋል። መልሱንም እንደ ጽሑፍ አያመሳክሩ፤ የኔምስፔስ ቅጥያው ሊለዋወጥ ይችላል፣ ስለዚህ የሚፈልጉትን መስክ በኤክስፓዝ (በኤክስኤምኤል ውስጥ መስክ መፈለጊያ) ያውጡ። በሶፕ 1.1 የስሕተት መልስ ከኤችቲቲፒ 500 ጋር ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እዚህ 500 ሁሉ የሰርቨር መውደቅ አይደለም፣ በውስጡ ያለውን የፎልት ኮድ ያንብቡ። ሠንጠረዡን ግን ለሶፑ አዲስ አይጻፉ። ያንኑ የክፍያ ሠንጠረዥ በሬስቱም በሶፑም ያስኪዱት፤ በአንዱ አልፎ በሌላው የወደቀ ረድፍ ካለ መለያውንና ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ወደ ብድር ክፍሉ ይሂዱ።